ጭቃ የተፋቀበት ድንጋይ

አሥራት ከወይራው ሥር ከተከመሩት ድንጋዮች አንዱን አነሣና የቦት ጫማውን ጭቃ ይፍቅበት ጀመር። ጭቃውም ጭቃ ነው! የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ የጣለበት ቀይ አፈር አንዴ እግር ከያዘ አይለቅም። ፍቆ ሲጨርስ ድንጋዩን ወደ ቁልቁለቱ ወረወረውና እንቀጥል አለ።

መንገድ የሚመራው ዐቦኮር ግን አልቀጠለም። በእርጥብ ቅጠል ላይ እየተንሸራተተ ወረደ፣ ድንጋዩን ከቁጥቋጦ ሥር ፈልጎ አገኘው፣ በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ ወደ ክምሩ መለሰው። አሥራት ይህን አይቶ ሣቀ፤ እናንተ አገር ድንጋይም ዕቃ ነው እንዴ አለው። ክምሩ የእናቱ የሱዕዲ መቃብር ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እውነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገበሬው ሁሉ ከየኮረብታው ወርዶ ባንድ መንደር ይሰብሰብ በተባለ ጊዜ፣ በዚህ በኩል ዘመቻውን ይመራ የነበረው ይኸው አሥራት ነው። ሱዕዲ በንዳድ ተይዛ ተኝታ ነበር። ልጇ ትኩሳቱ እስኪበርድላት ትቆይ ብሎ ለመነ። አሥራት አንገቱን እንኳ ሳያዞር የቤቱን ክዳን ከላይዋ ላይ አስነሣው። በዝናብ ተጓዘች፣ እዚህ ወይራ ሥር ስትደርስ ልረፍ ብላ ተቀመጠች፣ በዚያው ቀረች። ዛሬ ታዲያ ሰውየው የልጇን ፊት እንኳ አላወቀውም። ዐቦኮርን ከሁሉ ያንገበገበው ይኼ ነው።

ለምን ይመራዋል ትሉ ይሆናል። የአሥራት መኪና ጭቃ ውስጥ ሰጥማ ቀረች፤ እሱ ደግሞ ለስብሰባ ሳይመሽ ጅግጅጋ መድረስ ነበረበት። ወታደሮቹን ከመኪናዋ ጋር ተዋቸውና ቀኑን ሙሉ በሚያስኬደው የጫካ መንገድ በእግሩ ሊሄድ ተነሣ። የዐቦኮር አጎት ሽማግሌው ፋራህ ሰውየው በሕይወት ጅግጅጋ እንደሚገባ ለወታደሮቹ ቃል ሰጡ፤ ዋሱ እኔ ነኝ አሉ። መሪ ሲፈለግ ዐቦኮር ከሁሉ ቀድሞ ብድግ አለ። ምን እንደሚያደርገው ገና አልቆረጠም፤ ብቻውን ሊያገኘው ነበር የፈለገው።

ከቀትር በኋላ ከጥዱ ጫካ ወጡ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በወንዙ ዳር፣ በግራር እሾህና በሚያዳልጥ ሥር መካከል ይሄዳል። ሌላው በደረቁ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ንጹሕ አሸዋ፣ ምንጣፍ በሉት። ደገኛ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አናቱ ላይ ፀሐይ ካለችና ወንዙ ደረቅ ከሆነ ደኅና ነኝ ይላል። የጎርፉ ዝናብ የሚጥለው ከኋላው፣ ራቅ ብሎ ተራራው ላይ መሆኑ አይታየውም።

አሥራት አሸዋውን ሲያይ ፊቱ በራ። ዐቦኮር ዞር ብሎ ወደ ተራራው አየ፤ ሰማዩ ጠቁሯል። አንዲት ቃል መናገር ለመሪ ምን ይከብደዋል? ዋጣት።

"ጓድ አሥራት፣ እርስዎ በአሸዋው ይሂዱ፤ እኔ እሾሁን ለምጄዋለሁ" አለና ዳር ዳሩን ያዘ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለው።

ጥቂት እንደሄዱ ከወደ ኋላ፣ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። አሥራት ግራ ገብቶት ቆመ። ያን ጊዜ ዐቦኮርን ትዝ ያሉት አጎቱ ናቸው፤ ይህ ሰው ቢሞት ወታደሮቹ የሚይዙት ሽማግሌውን ነው። በራሱ እየተናደደ ጮኸ።

"ድንጋዩ ላይ ውጣ!"

መሐል ወንዙ ላይ ትልቅ ቋጥኝ ነበር። አሥራት ቧጥጦ እንደወጣ ውሃው ግንድና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ደረሰ፤ ቋጥኙን በግራ በቀኝ ከበበው።

ዐቦኮር ቋጥኙን አስተዋለ። ያለፈው ጎርፍ ያመጣው ገለባ ከሰውየው እግር በታች ተጣብቋል፤ ውሃው ከዚያ አያልፍም። የበልግ ጎርፍ ደግሞ እንደ አመጣጡ ነው የሚሄደው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አሸዋው ተመልሶ ይታያል። ይህን እሱ ያውቃል፤ አሥራት አያውቅም። ዐቦኮር ግራር ሥር ተደላድሎ ተቀመጠ።

አሥራት ውሃው ይጨምር እንደሆነ ጠየቀ። መልስ ሲያጣ ልጆች እንዳሉት ተናገረ፣ ሥራ አስገባሃለሁ አለ፣ በመጨረሻም በማርያም ለመነ።

"ከሁለት ዓመት በፊት ከላይኛው መንደር የታመመች አሮጊት አስነሥተሃል" አለው ዐቦኮር። "ማን እንደነበረች ንገረኝ።"

"የትኛዋ?"

አሥራት ውሃው ጫማውን ሲረጨው መገመት ጀመረ።

"ፍየሌን ትቼ አልሄድም ያለችው ናት? ዓይነ ስውሯ? ወይስ በቃሬዛ ያወጣናት?"

"አይደለችም።"

ሦስቱም ሌሎች ነበሩ፤ ዐቦኮር ስለ እነሱ ሰምቶ አያውቅም። ይበርድልኛል ያለው ንዴት ባሰበት። ሰውየው ግንድ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ሲጨፍን፣ ጉልበቱን ሲያቅፍ፣ ተቀምጦ አየው። አይዞህ ይጎድላል የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ አልሰጠውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው ጎደለ። አሥራት ከቋጥኙ ወረደ፣ እስከ ጉልበቱ በሚደርስ ጭቃ እየተጎተተ ተሻገረ። ትንፋሹ እስኪመለስ ዳሩ ላይ ተቀመጠና ቀና አለ።

"እንደሚጎድል ታውቅ ነበር?"

አላህ ያውቃል ቢለው በቂ ነበር። ሰውየው በሕይወት አለ፣ የፋራህ ቃል አልተሰበረም፤ ጅግጅጋ ገብተው ቢለያዩ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዐቦኮር ሽርጡን አጠበቀ።

"ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር" አለው። "ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩህ። እናቴ ሱዕዲ ትባላለች፤ ስትከሰኝ የእሷንም ስም ተናገር።"

ከዚያ ፊት ፊቱን እየመራ የጅግጅጋን መንገድ ያዘ።