የሰመጠው መስመር

«ከዚች ሴት እጅ ሻይ አልጠጣም!»

ጋሽ በለጠ ብርጭቆውን በመዳፋቸው ገፉት። እስራኤል አገር፣ አፉላ ኢሊት በምትገኘው ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሸዋነሽ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ባሏን የሻውን ከቀበረች የለቅሶው ሰባት ቀን ገና አልተጋመሰም።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ወንድሜን ወደ ቢላ የነዳሽው አንች ነሽ! ጉልበትህን አስቀይር፣ አስቀይር እያልሽ።»

«ጸሎት ቤት መድረስ አቃተው ብዬ እኮ ነው፤ ዳገቱ...»

«እንኳን ደስ ያለሽ። በሰው ትከሻ ሄደልሽ።»

ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴት «እውነታቸውን ነው» አለች በሹክሹክታ። የሟቹ ልጅ ኬሬን ጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሟ ዘንድ ለአባቷ ያስተረጎመችለት እሷ ነበረች። የአባቷ ዕብራይስጥ ከሰላምታ አያልፍም። ሐኪሟ ኤካጌውን፣ የልቡ ምት የተሳለበትን ወረቀት፣ ዘርግታ ወደ ታች የሰመጠውን መስመር በእስክሪብቶ ነካች።

«ሳያውቀው ልቡ አንድ ጊዜ ተጎድቷል። ጉልበቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ልቡ ይመርመር። ጉልበቴ አሁኑኑ ይቀየር ካለ ግን ሊሞት እንደሚችል ንገሪው። ራሱ ይወስን።»

«ምን አለች?» አለ የሻው።

እነሱ ቤት ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም፤ መጀመሪያ የሚሰማው የቤተሰቡ ትልቅ ነው። ኬሬን ወጥታ ለአጎቷ ለጋሽ በለጠ ደወለች።

«እንዳትነግሪው» አሏት። «ሰው የሚሞተው በፍርሃት ነው። ለእናትሽም እንዳትነግሪ፤ ፊቷ ያሳብቅባታል። ዝም ብሎ ይግባ፣ እግዚአብሔር አለ።»

ተመልሳ ለሐኪሟ «ገብቶታል፣ ይሁን ብሏል» አለች። ለአባቷም፦

«ልብህ የጎረምሳ ነው አለች።»

«ይኸን ሸዋነሽ ትስማ!» ብሎ ሳቀ።

ጉልበቱ በተቀየረ ማግስት ልቡ ቆመ።

«ኬሬን!» ጋሽ በለጠ ከሳሎን ተጣሩ። «አንች አምጭልኝ የኔ ልጅ። አባትሽን የጠቀምሽው አንች ብቻ ነሽ።»

ሻዩን ይዛ መጣች። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እሳቸው ዓይናቸውን አልሰበሩም። እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ አንገቷን ደፍታለች። ኬሬን አንዲት ቃል ብትተነፍስ ያ አንገት ቀና ይላል። አፏን ከፈተች።

«ስኳር ስንት ላድርግልዎ አጎቴ?»

«ሁለት። ተባረኪ።»

ስኳሩን ስታማስል ሻዩ ጣቷ ላይ ፈሰሰ። ሸዋነሽ ትሪዋን ጥላ ሮጠች። የልጇን ጣት በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወደ ከንፈሯ አስጠጋችው።

«ተቃጠልሽ የኔ እናት?» አለችና እፍ አለችበት።