በጥር የመጣ ውሃ

ሶማሌ ተራ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚጠግን ሞልቷል። አንዴ የነካው ሞተር ተመልሶ የማይመጣበት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ዘይኑዲን ነኝ። ይህን የምለው ጉራ ወድጄ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እወዳለሁ። እንግዲህ የጓንጉል ሞተር በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ እየተገፋ ሲመጣ እንዴት እንደተናደድኩ አስቡት።

ጓንጉል ቴሌግራም የሚያድል ጭምት ጎጃሜ ነው። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሃያ ጊዜ ቢረገጥ አይነሳም፤ ሲነሳ ደግሞ ይተኩሳል። የታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ግርግር ካለፈ ገና ዓመቱ ነው፤ የጥይት ድምፅ ከሰው ጆሮ አልወጣም። ባለፈው ሰሞን ጭድ ተራ ላይ አንዴ ጧ ሲያደርግ ነጋዴው ሁሉ መሬት ተኛ፤ ሁለት አህዮችም ጭነታቸውን ጥለው ፈረጠጡ። ወሬው አለቃው ዘንድ ደረሰ። አለቃውም «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሞተሩን አስረክበህ ወደ ቤትህ!» አለው።

«ጋሼ ዘይኑ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

ካርቡራቶሩን ፈታሁት። ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ጎድጓዳ፣ እንዳለፉት ሁለት ጊዜያት ሁሉ፣ ከሥሯ ውሃ ተኝቶባታል፤ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ። ሞተር ውሃ ከገባበት አይነሳም፤ እንደምንም ቢነሳም ያስነጥሰዋል። ተኩሱ እሱ ነው። ግን በጥር፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ውሃ ከየት መጣ?

«ኸይረዲን ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ማዶ በበርሜል ቤንዚን የሚሸጠው ጎረቤቴ እንዲሰማ። «ቤንዚን በውሃ የሚያበዛ ጉድ!»

ኸይረዲን ወላሂ ብሎ ማለ። እኔ አላመንኩትም፤ ሰላምታም ነሳሁት። ጓንጉል መሬት መሬቱን እያየ «እሱ አይመስለኝም። ዝም ብለው አጥሩልኝ» አለ። ውሃውን እንደ ልማዴ መሬት ላይ ደፋሁትና ሞተሩ እስከ ዓርብ እኔ ዘንድ ይደር አልኩት። ሳያቅማማ እሺ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ነጠላዋን የተከናነበች ወጣት ሴት ደጄ ላይ ቆመች። «የጓንጉል ባለቤት ነኝ። ፋናዬ እባላለሁ። ሞተሩ እዚህ አደረ ብሎኝ ነው» አለች። «ያውልሽ» ብያት መፍቻ ላመጣ ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ የቤንዚን መያዣውን የሳልቫትዮውን ክዳን ከፍታ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ከትንሽ ጠርሙስ ውሃ ታንቆረቁርበታለች።

«አንቺ ሴት! ምን እያደረግሽ ነው?»

ደንግጣ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ጸበል ነው ጋሼ። የእንጦጦ ጸበል ነው።»

እሷ ቀስ እያለች ነገረችኝ። መስከረም ላይ ጓንጉል ከሞተር ወድቆ በቃሬዛ ነው ቤት ያመጡላት፤ እስከ ታኅሣሥ ተኛ። ሲድን «ይቅርብህ» ብትለው «ምን እንብላ?» አላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ እንጦጦ ወጥታ ጸበል ትቀዳለች። ማለዳ፣ እሱ ፊቱን ሲታጠብ፣ ለሞተሩም ትሰጠዋለች።

«ከላይ ብትረጪው አይበቃም ነበር?»

«ሰውስ መቼ ጸበል ተጠምቆ ብቻ ይተዋል ጋሼ? ይጠጣል እኮ!»

«ልጄ፣ ሞተር ውሃ አይጠጣም። የሚያስተኩሰው ይኸው ነው።»

ፊቷ ጥቁር አለ። «እኔ ነኝ? ከእንጀራው ላፈናቅለው የነበርኩት እኔው ነኝ?» ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

አንጀቴን በላችው። ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ ያመጣችውን ውሃ ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መድፋቴ ትዝ አለኝ። ሃይማኖታችን ለየቅል ቢሆንም አፈርኩ። ግን አልነገርኳትም።

ከዕቃዎቼ መሃል ጣት የምታክል የናስ ቱቦ መርጬ አንዱን ጫፏን በየድኩና «ጨምሪበት» አልኳት። እሷ በስመ አብ ብላ ሞላችው፤ እኔ ቢስሚላህ ብዬ አፉን በቡሎን ጠረቀምኩት። ከኮርቻው ሥር በሽቦ አጥብቄ አሰርኩት።

«አሁን አብሮት ይዞራል፤ አይጠጣውም» ስላት በእንባዋ መሃል ሳቀች። «ለእሱ እንዳይነግሩብኝ፤ ይስቅብኛል» አለች። ማልኩላት። ስትሄድ ሳልቫትዮውን ገለበጥኩት። የወጣውንም በጣሳ ይዤ ሰው የማይረግጠው ጥግ ደፋሁት።

ዓርብ ጠዋት ጓንጉል አንዴ ረገጠ፤ ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።

«ከእንግዲህ ውሃ አይገባበትም» አልኩት።

መሪውን እንደያዘ «አገኟት እንዴ?» አለኝ።

«ማንን?»

«ፋናዬን። በመስኮት አይቻታለሁ። ክዳኑን ከፍታ ስሜን እየጠራች ትጸልያለች። ያን ካየሁ በኋላ በየትኛው አፌ ተይ ልበላት? ሥራስ ሌላ ይገኛል ብዬ ተውኩት።»

«እኔ ከጎረቤቴ ስጣላ ቆመህ ታያለህ? አንተ ልበ ደንዳና!» ብዬ ጮህኩበት፤ ጩኸቴ ግን ጉልበት አልነበረውም። እጁን ይዤ ከኮርቻው ሥር አስነካሁት። ቱቦዋን በጣቱ ዳሰሳት፣ ደግሞ ዳሰሳት።

«ማወቄን እንዳትሰማ ጋሼ ዘይኑ፤ አደራ» አለኝ። ለእሱም ማልኩለት። በጭድ ተራ በኩል ሲያልፍ ጆሮዬን ቀስሬ አዳመጥኩ፤ አንዲትም አልተኮሰም።

ለሁለቱም የማልኩትን ጠብቄያለሁ። የነገርኩት ለኸይረዲን ብቻ ነው፤ ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ ሌላ የምለው አልነበረኝም። እስክጨርስ አዳመጠኝና በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

«ለእኔ እንዲህ የሚያደርግልኝ ሰው ቢኖርማ በርሜሌ ሙሉ ውሃ ይሁን» አለ። ከዚያ ተጠግቶ ቦታ ለቀቀልኝ፤ በርሜሉ ጥግ አብረን ተቀመጥን።