ጽዋው የሰነበተበት ቤት

ቢላዋው ብራናውን ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ ለመሪጌታ ሠረቀብርሃን ጥርስ የሚያሳክክ ነበር፤ እጁን ግን አልመለሰም። ከዐሥራ ሁለቱ ስሞች መካከል የከበበን ስም ይፍቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ብራናም ያው ነው። ፍቆ ፍቆ ሲያበቃ የስሙ ጥላ እንደ ደበዘዘ ጠባሳ ቀረ። መሪጌታው ብራናውን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ከየካ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ተያያዘው።

ቀኑ ግንቦት ዐሥራ ሁለት፣ ዘመኑ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ አንድ ነበር። ቡልጋ ውስጥ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ዜማ ተምረው፣ ከተማው እንጦጦ ላይ ሲቆረቆር ተከትለው የመጡ ዐሥራ ሁለት ሰዎች፣ የኔታ ባረፉ ጊዜ «እንዳንበታተን» ብለው ማኅበር ገብተው ነበር። በየወሩ በሚካኤል ቀን አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ጸሎቱ ሲያበቃ የኔታ የተዉላቸው፣ ከንፈሩ በብር የተለበጠ የቀንድ ዋንጫ ለተረኛው ይሰጣል፤ ዋንጫውን የተቀበለ የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል። ሠረቀብርሃን ሙሴያቸው፣ የማኅበሩ መሪ ነው። ማን ታመመ፣ ማን ክርስትና አነሣ፣ ማን አገር ለቀቀ፣ ሁሉን የሚያውቀው እሱ ነው። ደንቡንም ያወጣው እሱ ነው፦ ሳይልክ ሦስት ጊዜ የቀረ ስሙ ይፋቃል፤ መፋቁንም ሙሴው ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይነግረዋል።

ከበበ በጥር ዋንጫውን ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ አልታየም። የካቲት ቀረ፣ መጋቢት ቀረ፣ ሚያዝያም ቀረ። በዚያው ሰሞን የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ አራሹ ሁሉ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል፤ አገሩም ተርቧል። ዛሬ ጧት የተሰበሰቡት አምስት ብቻ ነበሩ። ከመካከላቸው በላይነህ የሚባለው፣ ምላሱ የማያርፈው፣ «ዋንጫውን በእህል ለውጦት ይሆናል» አለ። ሠረቀብርሃን ቢላዋውን ያነሣው ያን ጊዜ ነው።

ዳገቱ ላይ የሚናገረውን ቃል ሲያሰላስል ሄደ። መንገዱ ዳር ከጥዱ ሥር ሰዎች ተኝተዋል፤ የተኙት እንቅልፍ ይሁን ሌላ ለማወቅ ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል፤ እሱም አልቀረበም። ደንብ ደንብ ነው ይላል በልቡ። ልቡ ግን ሳይጠራው ቡልጋ ወረደ። ተማሪ ሳሉ ሠረቀብርሃን መለመን አይችልም ነበር። ሰው ደጅ ሲቆም ድምፁ ይዘጋል፤ ያ ሁሉ ዜማ የሚወጣበት ጉሮሮ አንዲት «ስለ ማርያም» ማውጣት ያቅተዋል። ከበበ አራት ዓመት ሙሉ ሁለት አኩፋዳ አንግቶ ለሁለት ለመነ። «ጓደኛዬ ታሟል» እያለ ያመጣለትን ቁራሽ ሠረቀብርሃን ደህና ጤነኛ ሆኖ በላ። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ከበበም አልተናገረም።

የከበበ ቤት ከእንጦጦ ራጉኤል ዝቅ ብሎ ነው። የሚጮህ ውሻ አልነበረም። ሚስቱ ፈትለወርቅ ከደጁ ቆማ አገኛት፤ ጉንጯ ገብቶ ዐይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ይግቡ መሪጌታ» አለችው። «ልጆቹን እናቴ ዘንድ ሰድጃለሁ። እሱ መንገዱን አልቻለውም።»

ከበበ መደቡ ላይ ጋደም ብሏል። ከምሰሶው ላይ ዋንጫው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ሠረቀብርሃን ጨርቁን ባየ ጊዜ አፍሮ ዐይኑን ሰበረ።

«ሸጠው ብላችሁ ይሆናል» አለ ከበበ በደከመ ድምፅ። «አንድ ነጋዴ ስለ ብሩ ብሎ ቁና ገብስ ሊሰጠኝ ነበር። ይቺም ለመነችኝ። የየኔታን ነገር እንዴት ብዬ?»

«ለምን አልላክህብኝም?»

«ምን ብዬ? ዐሥራ አንድ ወንድም ባዶ ቤት ልጥራ? አንተ መለመን እንደማትወድ፣ እኔም መጥራት አልሆነልኝም።»

ሠረቀብርሃን ወደ መደቡ ቀረበ።

«ስሜ ግን አለ አይደል?» አለ ከበበ። «ስሞት ማኅበሬ ይቀብረኛል፣ ፍትሐት ያስደርግልኛል ብዬ ለሷ ነግሬያታለሁ። እዚህ ሌላ ሰው የላትም።»

ብራናው ብብቱ ውስጥ ከበደው። ሃያ ዓመት በመቅደስ ያገለገለ ሰው ዐይኑን ሳያሽ፣

«አለ» አለ።

ከበበ ፊቱ ፈታ አለ። ያ መፈታት ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ሠረቀብርሃንን አሳመመው፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ማልቀስ አማረው። ግን ለቅሶ እህል አይሆንም፤ እሱም ጧት ለአምስት ከተከፈለችው ዳቦ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ አልያዘም ነበር።

«ጽዋውን አውርጂልኝ» አላት ፈትለወርቅን።

ሴትዮዋ ክፉ አልተናገረችም። ጨርቁን ፈትታ ዋንጫውን በሁለት እጇ ሰጠችው። «ለዚህ ነበር የመጣው» ብላ እንዳሰበች ግን ከፊቷ ላይ አነበበ።

«ተረኛው እኔ ነኝ» አላትና ወጣ።

ከቤቱ ራቅ ብሎ የአንድ የጦር አለቃ አጥር አለ፤ ከውስጥ ጢስ ይወጣል። ጢስ ካለ የሚበላ አለ። ጥምጣም የጠመጠመ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያሳልፈው መሪጌታ እበሩ ደረሰና ቆመ። ዋንጫውን ዘረጋ። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሽበቱ ቢመጣም ያ የቡልጋ ጉሮሮ ያው ነው። ዞር ሲል ፈትለወርቅ ደጇ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ከኋላዋ የቤቱ ጨለማ ይታያል። ከበበ እዚያ ውስጥ ይጠብቃል፤ ምን እንደሚጠብቅ ግን አልተነገረውም።

ሠረቀብርሃን ጥምጣሙን ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣለው።

«በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ለራሱ እንኳ አልተሰማውም።

ደግሞ አለ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ወጣ፤ የተሰበረ፣ ዜማ የሌለው፣ የሕፃን የሚመስል ድምፅ። «ጓደኛዬ ታሟል» ብሎ ጨመረ።

ውስጥ ውሻ ጮኸ። ከዚያ እግር ተሰማ፤ የበሩም መወርወሪያ ተንቀሳቀሰ። ሊከፈት ይሁን የበለጠ ሊቀረቀር ገና አልታወቀም፤ እሱ ግን ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።