የፈንታው ግራ እግር

ሚዛን ተፈሪ ላይ፣ እጅና እግራቸውን ጦር ሜዳ ትተው ለተመለሱ ወታደሮች አራት የሥራ ዓይነት ቀረበላቸው፤ ልብስ ስፌት፣ ጫማ እድሳት፣ የቅርጫት ሥራና ጥበቃ። ዘመኑ 1995 ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ተስፋና ስለ ብርታት ሲነገራቸው ሰንብቶ፣ በአራተኛው ቀን ይህ ዝርዝር ታደላቸው። ፈንታው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና ሳቀ፤ ሳቁ የጤና አልነበረም።

"እትዬ የዓለምዘርፍ" አላቸው የሥራ አማካሪዋን፣ "እኔ የተቆረጠው እግሬ ነው። እናንተ የምታሠለጥኑት ግን ቂጥ ነው።"

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ያስቸገረውም ደግነታቸው ነው። እግር ያጣ ሰው ሁሉ ቀሪ ዕድሜውን ቁጭ ብሎ መጨረስ የሚያምረው ይመስላቸዋል። ታዲያ ምን ልትሠራ ትፈልጋለህ ሲሉት፣ ከመዝመቱ በፊት ቴፒ አካባቢ ዘጠኝ ዓመት ቡና አጣቢ እንደነበረ፣ አሁንም ከዚያ ሌላ ሥራ እንደማይሻ ነገራቸው። ወለሉ እርጥብ ነው፣ ሁለት እግር ያለውንም ያድጠዋል አሉት። እንግዲያው እኔን የሚያድጠኝ በግማሹ ነው ብሎ መለሰላቸው።

ሳምንት ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ ወይዘሮዋ ከቴፒ ወጣ ብሎ የእሸት ቡና መፈልፈያ ያላቸውን የጅማውን ሰው አቶ ሻሚልን አነጋገሩለትና ለአንድ ቀን ሙከራ ፈቃድ አገኙ። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፤ አቶ ሻሚል ካልተቀበሉት ፈንታው አፉን ዘግቶ ስፌት ይማራል። የሚማርበትን መኪና አስቀድመው አሳይተውታል። የፔዳሏን ድምፅ ገና ሳይሰማ ጠልቷታል።

በቀጠሮው ቀን ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ራሳቸው ይዘውት በሚኒባስ ሄዱ። ሁለት ቀን ሲዘንብ ቆይቶ ያን ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር። መፈልፈያው ግቢ ሲደርሱ የጣቢያው አለቃ በላይነህ የማብላያው ገንዳ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ቀዩ ቡና ከተፈለፈለ በኋላ ፍሬው ላይ የሚቀረው ዝልግልግ ነገር በዚህ ገንዳ ውስጥ አድሮ ነው የሚለቀው። ሳይለቅ ከታጠበ ቡናው ማድረቂያው አልጋ ላይ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይሻግታል። በላይነህ ሠላሳ ስድስት ሰዓት ሞልቶታል፣ ይታጠብ ይላል። አቶ ሻሚል ወደ ፈንታው ዞሩ።

"አንተስ ምን ትላለህ?"

ፈንታው ጎንበስ ብሎ እጁን ከተተና አንድ ጭብጥ ቡና አሸ። ሻከር ሻከር አለው፤ ዝልግልጉን የለቀቀ ቡና እንዲህ ነው። እጁ፣ ቡናው ደርሷል አለው። ደርሷል ብሎ መናገር ቀላል ነበር፤ አለቃውም ይደሰታል፣ እሱም ያለ ጠብ ሥራ ይይዛል። ግን እጅ የሚነካው ፀሐይ ያሞቀውን የላዩን ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማመነው በእጁ ሳይሆን በውስጥ እግሩ ነበር። አጣቢ ባዶ እግሩን ገብቶ ታቹን ካልረገጠ ቡናውን አያውቀውም።

ለዚያ ደግሞ ሰው ሠራሹን እግር ማውለቅ አለበት፤ ውሃ እንዳይነካው ተብሏል። ገንዳውን ከበው አርባ የሚሆኑ ቡና ለቃሚ ሴቶች ቆመዋል። ፈንታው ያን እግር በሰው ፊት አውልቆት አያውቅም። ሚስቱ ፊት እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚፈታው። ፊቱ ጋለ፤ አፈረ። ከዚያ በማፈሩ ተናደደ። ከፈንጂ የተረፈ ሰው አርባ ጥንድ ዓይን ይፈራል እንዴ?

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ጠፍሩን ፈታ። እግሩን ሲሚንቶው ላይ አስቀምጦ ወደ ቡናው ተንሸራተተ። ወዲያው ሚዛኑን ሳተና እስከ ደረቱ ገባበት። ሦስት አራት ሰው ሊያነሣው ተንደረደረ።

"ማንም እንዳይነካኝ!"

ቆሙ። በክንዱ ግድግዳውን ይዞ ተነሣና እያነከሰ ወደ ጥጉ ሄደ። የቀረለትን ግራ እግሩን ወደ ታች ሰደደው። ከላይ ለብ ያለው ቡና ከታች በረዶ ነው። ተረከዙን አዟዟረ። የዝናቡ ብርድ ታች ቀርቶ ቡናውን አስተኝቶታል፤ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

"አልደረሰም" አለ። "ታቹ ገና ነው። ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈልጋል። አሁን ካጠባችሁት ግማሹ ይሻግታል።"

በላይነህ በሰዓት ተማምኜ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ ብሎ አጉረመረመ። አቶ ሻሚል በአገጫቸው ገንዳውን አሳዩት። አለቃው ጫማውን አወለቀና በሁለት ጤነኛ እግሩ ገባ። ጥጉ ድረስ ሄደ፣ ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ። ሲወጣ ማንንም አላየም። የውሃውን መክፈቻ የያዘውን ሠራተኛ ተወው አለው።

አቶ ሻሚል ፈንታውን ከነገ ጀምሮ ማብላያው በእጅህ ነው አሉት፤ ደመወዙንም ከበላይነህ ጋር እኩል አደረጉለት።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጎንበስ ብለው ሰው ሠራሹን እግር ከሲሚንቶው ላይ አነሡ፤ ነጠላቸውን ዘርግተው ከሴቶቹ ዓይን ሊከልሉለት ወደ ጠርዙ ቀረቡ።

ፈንታው ገንዳው ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሟል። ቡናው ከሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል።

"ነጠላውን ያንሡት፣ እትዬ" አላቸው። "እግሩንም እዚያው ያስቀምጡት። ነገም እዚህ ነኝ፤ ዓይናቸው ይልመደው።"