ሶላት የማያሰግደው ውሻ

የመንሱር ውሻ ዳማ ሰይጣን አለበት የተባለው በደቦው ቀን ነው። ከቆቦ ወጣ ብሎ ያለው የመንሱር ማሽላ ደርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ማጭድ ይዞ ወጥቷል። የቀትሩ ሶላት ዙሁር ሲደርስ ወንዶቹ ታጥበው ውዱእ አድርገው ተሰለፉ፤ ሸህ መህዲ ከፊት ሆነው አሰገዱ። ገና ለሩኩዕ ጎንበስ ከማለታቸው ዳማ ተወርውሮ መጣና ሽርጣቸውን ዘነጠለው። ሶላቱም ተቋረጠ።

ሸህ መህዲ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ምን ይበሉ፣ በሰው ፊት ሽርጣቸው ተቀዶ! ቁርጡን ተናገሩ። ማሽላው እስኪወቃ ድረስ ውሻው ካልተወገደ ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው የመንሱርን ማሳ አይረግጥም። መንሱር አንገቱን ደፋ። ዳማ ባይኖር ጅብ ፍየሎቹን ጨርሷቸው ነበር፤ ከጎረቤት ተቆራርጦስ እንዴት ይኖራል?

ልጁ ራዊያ ሳይኮሎጂ ነው የተማረችው። አባቷ የሰው ጭንቀት ታክማለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ሆዬ ዕድሜዋን ለውሻ ጠባይ ሰጠች። አዲስ አበባ የጥበቃ ውሾችን ስታሠለጥን፣ ተናካሹን ስታረጋጋ ኖረች። ዋጃ ከተማም ሆነ ጎብዬ ሰው «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲለው መንሱር «ቢሮ ናት» ይልና ወሬ ይቀይራል። ይህን ታውቃለች። ያንገበግባታል፤ ግን አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም።

የዳማን ነገር በስልክ በሰማች ማግስት በአውቶቡስ ከች አለች። ግቢው ውስጥ ውሻው የሶላት ጠላት ነው ሲባል፣ ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ደጀን ሳቀ። እሱም የጫማውን ክር ሊያስር ሲል ዳማ ዘሎበት ያውቃል። ለእኔም ሶላት ተቆጥሮልኝ ይሆናላ አለ። ሁሉም ሲስቁ ራዊያ አልሳቀችም። ወጥታ ዳማ ፊት ቆመችና ቀስ ብላ አጎነበሰች። ውሻው መጀመሪያ ጅራቱን ወሸቀ፤ ጆሮውን አጣብቆ ተሸማቀቀ፤ ጥርሱን ያሳየው ከዚያ በኋላ ነው።

«አባዬ፣ ይኼ ውሻ ፈርቶ ነው» አለች። «ሰው ሲያጎነብስ ድንጋይ ሊያነሳበት ይመስለዋል።»

ወይ ጉድ! እዚህ አገር ውሻ የመጣበት ሰው መጀመሪያ ምንድን ነው የሚያደርገው? ጎንበስ ማለት ነዋ! ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ። ዳማ ደግሞ ቡችላ ሳለ መንገድ ዳር ታስሮ ነው ያደገው። አላፊ አግዳሚው ሲወግረው መሸሽ ስለማይችል ቀድሞ መዝለልን ለመደ። ሶላትን የት አውቆት ነው የሚጠላው? ያ ሁሉ ወንድ ባንዴ ሲያጎነብስ የድንጋይ መዓት ሊወርድበት መስሎታል። ሲያጭዱ ማሽላው ጋርዷቸው ነበር፤ መንሱርን ደግሞ ስለሚያምነው ቢያጎነብስም አይፈራውም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጨርሳል። ራቅ ብላ ትንሽ ጎንበስ ትላለች፣ የማሽላ ቂጣ ትጥልለታለች። ነገ ደግሞ ትንሽ ቀረብ። ደጀንም አብሯት እያጎነበሰ ወገቤ ተቆረጠ ይላል። እያደር ዳማ ሰው ሲያጎነብስ ጅራቱን መቁላት ጀመረ። ራዊያ ጮቤ ረገጠች።

ምን ዋጋ አለው፣ ደስታዋ አልበረከተም። አንድ ቀን መንሱር ግቢው ውስጥ የከሰዓቱን ሶላት ዐስርን ሲሰግድ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ እንደወረደ ዳማ ሮጦ መጥቶ ግንባሩንም ጺሙንም ላሰለት። ቂጣ ሊቀበል እኮ ነው! የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ርኩስ ነውና መንሱር «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ተነሣ፤ በውኃና በአፈር ሲታጠብ አመሸ። እንዲያ ተቆጥቶ አይታው አታውቅም። ከመናከሱ ይኼኛው ባሰ፣ በቃ ተዪውና ወደ ሥራሽ ሂጂ አላት።

ራዊያ በራሷ ተናደደች። ውሻ ሲልሳቸው የሚደሰቱ ሰዎች በጻፉት መጽሐፍ ተምራ የሰጋጅ ልጅ መሆኗን ረስታ! አልሄደችም። ሥራውን ከሥሩ ጀመረች። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር አሮጌ ጆንያ አነጠፈች። ከእንግዲህ ሰው ሲያጎነብስ ቂጣው የሚገኘው እዚያ ነው፤ ያውም ዳማ ጆንያው ላይ ተኝቶ ከጠበቀ ብቻ።

የውቂያው ቀን ደረሰ። ሸህ መህዲ የተጣፈውን ሽርጥ ለብሰው መጡ። ከጎረቤቶቹ አንዱ መርዝ የነካ ሥጋ በፌስታል ቋጥሮ ይዟል፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። ራዊያ ዳማን ፈታችው። ታስሮማ ምን ይታወቃል?

ወንዶቹ ተሰለፉ። ሸሁ «አላሁ አክበር» ብለው ጎንበስ ሲሉ ሰልፉ በሙሉ ጎንበስ አለ። ዳማ ብድግ አለ። ውሻው ሰዎቹን አየና ፊቱን አዙሮ ወደ ቁርቁራው ሄደ፤ ጆንያው ላይ ጋደም አለ። ሱጁድ ወርደው ግንባራቸው ሁሉ መሬት ሲነካ፣ ዳማ አገጩን እግሩ ላይ አድርጎ ቂጣውን ይጠብቃል። ሶላቱ ሳይቋረጥ አለቀ። ራዊያ ቂጣውን ስትሰጠው እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ከደስታ ነው፣ አልጠረገችውም።

ሸህ መህዲ ዞረው ውሻውን ትክ ብለው አዩትና ባለ ፌስታሉን ሥጋውን አርቀህ ቅበረው አሉት። ጫማቸውን ሊያደርጉ ጎንበስ ቢሉ፣ በልቶ የተነሣው ዳማ ተመልሶ ጆንያው ላይ ተኛና ዓይን ዓይናቸውን ያያቸው ጀመር። ሳቃቸው አመለጣቸው። ከምሳቸው ቂጣ ቆርሰው ወረወሩለት፤ ለውሻ ከድንጋይ ሌላ ነገር ወርውረው የሚያውቁም አይመስለኝ።

«መንሱር፣ ልጅህ ቢሮ ናት አላልከንም እንዴ?» አሉ።

መንሱር ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ዋሽቼ ነው ሸህዬ። ልጄ የውሻ ዶክተር ናት።»