ባርኮትን ያማራት ቆቅ

ልጄ ባርኮት የመጀመሪያዋን አርግዛ ምግብ የሚባል ነገር አልረጋላት ካለ ሰነበተ። የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልሳለች። ፊቷ ገርጥቶ ሳየው አገር ምድሩ ዞረብኝ። አንድ ቀን ታዲያ «የቆቅ ሥጋ አማረኝ» አለች።

«ቆቅ ብቻ? እንኳን ቆቅ፣ ዝሆን ከነጥርሱ ጎትቼ ኮተቤ አወርድልሻለሁ!» አልኳት። በዕድሜዬ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም፤ ይህን ግን ማን ጠየቀኝ?

ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግደው ጓደኛዬ ሸረፋ ወጥመድ ያውቃል። የዝሆኑን ነገር ሳወራለት ስቆ፣ ከካራ በላይ፣ እንጦጦ ዳገት ሥር፣ ገብስ ማሳ ዳር ወስዶ የፈረስ ጭራ እንዴት ሸምቀቆ እንደሚሆን አሳየኝ። አድፍጠን ተኛን። ትንፋሼን የሰማ ጫካ ሁሉ ጸጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ቆቅ እግሯን ተያዘች።

ሸረፋ ቢላዋውን ሰጠኝ።

«አንተስ?»

«እኔ ሙስሊም፣ ልጅህ ክርስቲያን። እኔ ያረድኩትን ትበላለች? የዝሆን አዳኙ አንተ፤ በል እረድ!»

ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። «በስመ አብ» ብሎ መቁረጥ ይበቃ ነበር። የእኔ እርድ ግን እንዴት የማንም እርድ ይሆናል? «አባታችን ሆይ»ን ለቀቅኩት፤ ድምፄ ሱሉልታ ሳይሰማ አይቀርም። እንዳታመልጠኝ አንገቷን ጨብጫለሁ። ልቧ መዳፌ ላይ ይደልቃል። አሜን ስል ድለቃው ቀረ።

«ሸረፋ... ዝም አለች እኮ።»

«አንቀሃት ነዋ! አንተ ሰውዬ፣ ልታርድ ነው የመጣኸው ልትቀድስ?»

ክው አልኩ። ሳትታረድ ሞተች፤ በክት ናት። አሁን ብቆርጣት ማን ያውቃል? ሸረፋ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ለነፍሰ ጡር ልጄ በክት ላብላ? አፈሩን በቢላዋው ጭሬ ቀበርኳት።

ሌላ ቆቅ የተያዘችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ ቆረጥኩ። ደም እንዲህ ይሞቃል ብሎ የነገረኝ የለም! አንገቷ ከተቆረጠ በኋላም ስትራገጥ እኔም አብሬ ዘለልኩ። ሸረፋ እየጮኸብኝ ላባዋን ነጨሁ፤ ሆዷን ከፍቼ፣ ሥጋው እንዳይመርር ሐሞቷን ሳላፈርጥ አወጣሁ። ላባው ሲያልቅ ያቺ ሰጎን የምታህል ወፍ ጡጫዬን አከለች።

ማታ ባርኮት መረቁን ጠጣች፤ ሥጋውን በላች፤ አጥንቱንም መጠጠች። ጠበቅን፤ አላስመለሳትም። እኔ ደሙ ያልለቀቀውን እጄን ጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌያለሁ።

«አባዬ» አለችኝ ጣቷን እየላሰች፣ «ነገ ሁለት አድርጋቸው።»