ያልሄደችበት ዑምራ

ሃፊዛ ቡታጅራ ስትደርስ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ከባጃጅ ወርዳ፣ ሻንጣዋን እየጎተተችና በግራ እግሯ እያነከሰች የእናቷን ግቢ በር ገፋችው። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሡ። ሰው የሞተባቸው መሰላት።

«ማሻአላህ! መጣች! መጣች!»

ቀድማ የደረሰችው ጎረቤታቸው ከድጄ ናት። የሃፊዛን እጅ አፈፍ አድርጋ ሳመች። ጉንጯን አይደለም፣ እጇን። ሃምሳውን ያለፈች፣ ሃፊዛን በልጅነቷ አዝላ ያሳደገች ሴት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ እጅ ሳመች።

«አላህ ይቀበልሽ ልጄ። እኛንም ያድርሰን።»

ሃፊዛ እናቷን በዓይኗ ፈለገች። ባሂራ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ዓይን ለዓይን ሊጋጠሙ ሲሉ ፊቷን ወደ ሻይ በራዱ አዞረች። ሃፊዛ የሆነው ነገር የገባት ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሃፊዛ አዲስ አበባ ኢንሹራንስ ትሸጣለች። መሥሪያ ቤቷ በዓመቱ ብዙ ውል ያስፈረሙ አራት ሠራተኞችን፣ እሷን ጨምሮ፣ ለአምስት ቀን ዛንዚባር ልኮ አዝናናቸው። ከመሄዷ በፊት ለእናቷ ደውላ፣ «ደሴት ናት እማ፣ ባሕር መሐል ያለች። ሕዝቡ ሙስሊም ነው» አለቻት። ሙስሊም ያለችው እናቷ እንዳትሰጋ ብላ ነው። ባሂራ ደግሞ ለከድጄ፣ «ልጄ በአውሮፕላን ባሕር ተሻግራ እስላም አገር ሄደች» ብላ አወራች። በዚያ ሰፈር አንዲት የሙስሊም ልጅ በአውሮፕላን ከሄደች መንገዷ ሁለት ነው፤ ወይ ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር፣ ወይ ለዑምራ ጉብኝት መካ። ሃፊዛ ባለዲግሪ ናት፣ ቢሮ አላት፤ ሰው ቤት ልትሠራ አትሄድም። ዝም ብሎ ሊዝናና ባሕር የሚሻገር ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። ከድጄ «ዑምራ ነዋ!» አለች። ባሂራም ዝም አለች። ያ ዝምታ በአምስት ቀን ውስጥ እንሴኖ ገበያ ደረሰ።

ሃፊዛ «ልታጠብ» ብላ እናቷን ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«እማ፣ ምንድነው ያደረግሽው?»

«እኔ ምን አልኩ? እነሱ ናቸው ያሉት።»

«አይደለም አትያቸውም?»

«ምን ልበል? ልጄ ባሕር ዳር ራቁቷን ልትተኛ ሄደች ልበል?»

«ማን ነው ራቁቱን የተኛው?»

«እኔ ምን አውቄ። በቴሌቪዥን እንደዛ ነው የሚተኙት።» ባሂራ ድምጿን ቀነሰች። «ሃፊዬ፣ አንድ ቀን ናት። ዱዓ አድርገው ይሄዳሉ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ይህ ግቢ ይህን ያህል ሰው አይቶ ያውቃል?»

አያውቅም። ሃፊዛ ሰዓቷን አየች። አንድ ሰዓት ብችለው ያልቃል አለች በልቧ፤ ወጥታም ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ጥያቄው ዘነበ።

«ፀሐዩስ እንዴት ነው?»

«ያቃጥላል።» ይህ እውነት ነው። አፍንጫዋ ተልጧል።

«የሐረም ፀሐይ! የመካ ፀሐይ!» አለች አንዷ፣ የአፍንጫዋን ልጣጭ በአክብሮት እያየች።

«ሰዉስ? ይጋፋል ይላሉ።»

«ብዙ ነው። ከየአገሩ ነው።» አብዛኛው ቁምጣ የለበሰ ፈረንጅ መሆኑን አልጨመረችም።

«አሁን ሴት ያለ መህረም፣ ያለ ወንድ ዘመድ፣ ትሄዳለች ማለት ነው?»

«ከ... ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ነበርኩ።»

ባሂራ ወሬውን ለማስቀየር ሻንጣውን ከፈተች። ሃፊዛ ያመጣችው ቅርንፉድና ቀረፋ ግቢውን አወደው። አንዲት አሮጊት ዓይኗን ጨፍና አሸተተችና «እንዲህ ነው የሚሸተው አሉ፣ ካዕባው» አለች። ማንም አልሳቀም። ሃፊዛ ሻንጣውን መልሳ ዘጋችው።

«እግርሽን ምን ሆነሽ ነው የምታነክሺው?» ከድጄ ጠየቀች።

እውነቱን መናገር ብትችል ኖሮ ከሁሉ ይበልጥ ልታወራው የፈለገችው ይህንን ነበር። በሦስተኛው ቀን በጀልባ ከባሕሩ መሐል ወዳለ የአሸዋ ጉብታ ወስደዋቸው ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ብቅ የሚል፣ ውሃው ሲመለስ የሚጠፋ ጉብታ ነው። ክፍል የተጋራቻት የሥራ ባልደረባዋ ማርቲ ፎቶ ስትነሣ፣ ሲነሡ፣ እንደገና ሲነሡ ባሕሩ ከግራም ከቀኝም መምጣት ጀመረ። አሸዋው የመኪና ማቆሚያ ያህል ከነበረው የምንጣፍ ያህል ሆነ። ጀልባው ሞተሩ እንቢ አለ። ባለጀልባው «ፖሌ ፖሌ» እያለ ይስቃል፤ ቀስ በቀስ ማለቱ ነው። ሃፊዛ መዋኘት አትችልም፤ ከቡታጅራ ማን ይችላል? ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ጀልባው ሮጠች፤ ስትሮጥ የባሕር ጃርት የሚሉትን እሾሃም እንስሳ ረገጠች። አሥራ አንድ ጥቁር እሾህ። ሁሉም ሰው ደኅና ተመለሰ፣ አሸዋውም ጠፋ፣ የተጎዳችው የሮጠችው ብቻ ናት። ማታ አንድ ሰውዬ በጥሬ ፓፓያ ፈሳሽ እግሯን እየቀባ እሾሁን ለቀመላት። ይህንን ለእናቷ ስታወራ እናቷ ሆዷን ይዛ ስትስቅ በአውሮፕላን ላይ ሆና አስባው ነበር።

«መንገዱ ነው» አለች።

«ጠዋፉ ነው እንጂ! ካዕባን ሰባት ዙር!»

«በሰፋና በመርዋ ኮረብታ መሐል መመላለሱም አለ፤ እሱም ሰባት ነው።»

«አይ መታደል፣ በዚያ መንገድ መቁሰል።»

ከድጄ ጠጋ አለች። እጆቿ የበርበሬ ቅላት አላቸው፤ እሷና ባሏ ጀማሉ በርበሬ ነጋዴዎች ናቸው።

«ልጄ፣ የጀማሉን ስም እዚያ ጠርተሽለታል? ለእናትሽ አደራ ብያት ነበር።»

ሃፊዛ እናቷን አየች። ባሂራ ብርጭቆ ታጥባለች። አደራው አልደረሳትም፤ ቢደርስስ የት ይጠራ ነበር? የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። ቶሎ ይለቅ ብላ፣ «አዎ» አለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«አልሐምዱሊላህ!» ከድጄ እንባዋ መጣ። «በቃ፣ ሰኞ ወልቂጤ አይሄድም! እኔም ሂድ እያልኩ ስጨቀጭቀው ከርሜ ነበር።»

«ወልቂጤ ምን ነበረው?»

«ሆስፒታል ነዋ። ኩላሊቱ ውስጥ ድንጋይ አለ፤ መንገዱን ዘግቶታል አሉ። ከዚህ በላይ ካደረ ኩላሊቱ ይሞታል ብለው ለሰኞ ቀዶ ጥገና ቀጠሩት። እሱ ግን 'ሃፊዛ ስሜን ካዕባ ፊት ከጠራችልኝና የመካውን ዘምዘም ውሃ ካመጣችልኝ ቢላ ምን ያደርግልኛል' አለ።»

ባሂራ በዚህ መሐል ውሃ የያዙ ትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በሰፌድ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ሴቶቹ በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ በሻሻቸው ጠቀለሏቸው። ከድጄ ሁለት ወሰደች።

ሃፊዛ የሕክምና ኢንሹራንስ ስለምትሸጥ የሐኪም ወረቀት ማንበብ ሥራዋ ነው። የሞተ ኩላሊት ምን እንደሚመስል በፋይል ታውቀዋለች። ሴቶቹ እስኪወጡ ቆማ ሸኘች፣ እጇን አሳመች፣ «አሚን» አለች። የመጨረሻዋ እንደወጣች በሩን ዘጋች።

«ያ ውሃ ምንድነው?»

«ዘምዘም ነው።»

«እማ!»

«ነው ወላሂ! ሐጂ አብዱልሃፊዝ ከሦስት ዓመት በፊት የሰጡኝ አለ። ግማሽ ሲደርስ ውሃ እጨምርበታለሁ። ጠብታው ካለበት ሁሉም ዘምዘም ነው፤ ካንቺ በቀር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ይህንን ሃፊዛም ታውቃለች። በዚህ ሰፈር ዘምዘም አልቆ አያውቅም።

«ጠብታው እውነት ይሁን። እኔ መሄዴ ነው ውሸቱ። ሰውዬው ሕክምናውን የተወው በጠብታው አይደለም፣ በኔ ነው።»

«ሌላ ቀጠሮ ይሰጡታል።»

«ያንን ቀጠሮ ለማግኘት ስንት ወር ጠበቀ?»

ባሂራ ሰፌዱን ግድግዳው ላይ ሰቀለች፣ አወረደች፣ እንደገና ሰቀለች። «ብትነግሪያቸው» አለች በመጨረሻ፣ «አንቺ ነገ አዲስ አበባሽ ትገቢያለሽ። እኔ በነሱ ደጅ አልፌ ነው ውሃ የምቀዳው።»

ሃፊዛ ጫማዋን አጠለቀች።

የእነ ከድጄ ግቢ ማዶ ነው፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እያነከሰች ተሻገረች። ስትገባ ሸራ ላይ የተሰጣው በርበሬ አስነጠሳት። ጀማሉ አግዳሚ ወንበር ላይ በአንድ ጎኑ ተጋድሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሲያያት እያቃሰተ ሊነሣ ሞከረ።

«ሐጂያችን! ግቢ፣ ግቢ። ከድጄ፣ ትራስ አምጪ!»

«ጋሽ ጀማሉ፣ አይነሡ።»

«እንዴት አልነሣም? ስሜን ጠራሽ ስትለኝ እኮ ሕመሙ ቀለል አለኝ።» ጠርሙሱ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ሩቡ ተጠጥቷል።

ሃፊዛ ቆማ ነው የተናገረችው፤ ብትቀመጥ እንደማትናገር ታውቃለች። «ስምዎን አልጠራሁም። መካ አልሄድኩም። ሰኞ ወልቂጤ ይሂዱ።»

በርበሬው ላይ ዶሮ ወጥታ ነበር፤ ማንም «እሽ» አላላትም።

«የት ነበርሽ ታዲያ?» አለ ጀማሉ።

«ዛንዚባር የምትባል ደሴት።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለመዝናናት።»

«ንግድ አለ እዚያ?»

«የለም። ማለቴ አለ፤ እኔ ግን አልነገድኩም።»

«ሳትሸጪ? ሳትገዢ?»

«ትንሽ ቅርንፉድ ገዛሁ።»

«አምስት ቀን ሙሉ?» ጀማሉ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ? አምስት ቀን ሙሉ ውሃ ስታይ ነበር።» ከውሸቱ ይልቅ ይህ የከበደው መሰለ። ሊስቅ ሲጀምር ሕመሙ መጣና ጎኑን በሁለት እጁ ጨምቆ ታጠፈ፤ ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ አለ።

ከድጄ አልሳቀችም። ትራሱን እንደታቀፈች ነው። «እጅሽን ሳምኩ» አለች።

«አውቃለሁ እትዬ ከድጄ። አፉ ይበሉኝ።»

«አሥራ አምስት ሴት ፊት እጅሽን ሳምኩ። እናትሽ ቆማ ታያለች።»

 ከድጄ ወደ ባሏ ዞረች፤ ጥርሱን ነክሶ ትንፋሹን እየቆጠረ ነው። ትራሱን ከጎኑ ሥር ወተፈችለት።

«ትሄዳለህ» አለችው። «ሰኞ በሌሊት ተነሥተህ ትሄዳለህ። ወረቀቱን የምታነብልን ደግሞ እሷ ናት። አዲስ አበባዋ ይቆይ።»

«ቢላ እፈራለሁ እኮ፣ ከድጄ» አለ ጀማሉ፣ እንደ ልጅ።

«ፍራ። እየፈራህ ትሄዳለህ።»

እሁድ ቀኑን ሙሉ የባሂራን ግቢ ያንኳኳ የለም። ወሬው ከምሳ በፊት ተዳርሷል። ባሂራ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ጀሪካኑን ሳትሞላ ተመለሰች፤ ምን እንዳሉአት አልተናገረችም። ለልጇም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ምግብ ግን አቀረበች። ሃፊዛ ለአለቃዋ ደውላ አንድ ቀን ለመነች። «አምስት ቀን ዘና ብለሽ መጥተሽ?» አላት። ማርቲ ከአሸዋው ጉብታ የተነሡትን ፎቶ በቴሌግራም ልካላታለች፤ በፎቶው ሁሉም ይስቃሉ፣ ሃፊዛ ብቻ ጀልባውን ታያለች።

ሰኞ ወልቂጤ ገቡ።  ሃፊዛ የቀዶ ጥገናውን የስምምነት ቅጽ ለጀማሉ አንድ በአንድ አነበበችለት፤ «የሚያጋጥሙ ችግሮች» የሚለው ጋ ስትደርስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ሳትዘልል አነበበችው። ፈረመ። አረንጓዴ ጋውን አልብሰው በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዱት አንገቱን ቀና አድርጎ ፈለጋት።

«ሃፊዛ፣ አሁን ዱዓ አድርጊልኝ። አሁን ያለሽበትን በዓይኔ አይቻለሁ።»

በሩ ተዘጋ።

ከድጄ በኮሪደሩ ላይ ከሃፊዛ አንድ ወንበር ዘልላ ተቀመጠች፤ ሙስባሓዋን አውጥታ መቁጠር ጀመረች። ሃፊዛ መዳፎቿን ዘርግታ ቆየች፤ ቃሉን ትጀምርና ይጠፋባታል፣ እንደገና ትጀምራለች። ስልኳ ነዘረ። እናቷ ናት።

«ገባ?» አለች ባሂራ። በሁለት ቀን ውስጥ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነው።

«አሁን ገባ።»

ባሂራ ስልኩን አልዘጋችውም።  ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አልነገሩንም እማ።»

«እሺ» አለች ባሂራ። «አልዘጋም። ዝም ብለሽ ያዢው።»